ሙታናችንን ያልቆጠረው ዓመት

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ስተርሊንግ፣ ቨርጂኒያ፣ መንገዱ አጭር ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2023 መጨረሻ፣ የሜሞሪያል ዴይ ሰሞን፣ በዚያ መንገድ ሦስት ቀን ሙሉ ስመላለስ ሰነበትኩ። የማመላልሳቸው የጎልፍ ተመልካቾች ነበሩ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የዶናልድ ትራምፕ ክለብ የሊቭ ጎልፍ ውድድር ነበረ፤ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ከካዝናው አውጥቶ ያቆመው ሊግ ማለት ነው። በዚያ ዓመት በአንድ ውድድር 25 ሚሊዮን ዶላር ይታደል ነበር። አንደኛ የወጣው 4 ሚሊዮን ይዞ ይሄድ ነበር። 48ኛ ሆኖ የመጨረሻውን ቦታ የያዘውም ባዶ እጁን አይመለስም ነበር፤ 120 ሺህ ዶላር ይደርሰው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የጫንኩት ሰውዬ መልካም ሰው ነበር። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ከኢትዮጵያ አልኩት። እንደ ሁሉም ሰው ሯጮቻችንን አነሣልኝ። ጎልፍ እንደምከታተል ስነግረው ተገረመ። ማን ያሸንፋል ትላለህ አለኝ፤ ተከራከርን፣ ተሳሳቅን። በሩ ላይ ስንደርስ ሃያ ዶላር ጉርሻ ጨመረልኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወረደ።

ልነግረው ሲገባኝ ያልነገርኩት ነገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ደንበኛዬ ነው፣ እንጀራዬ ነው፣ እሱን ምን አገባው ብዬ ዋጥኩት። ይህን እስክጽፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንት ወር አለፈ፤ የዋጥኩት ነገር ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው። ዛሬ ላውጣው።

ቡና የምንጠራራት ጎረቤታችን የባቲ ሰው ናት። የእኅቷ ልጅ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከቤት ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በአፋር አድርጎ ጂቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ አንዳንዴ በእግር አንዳንዴ በጭነት መኪና ወደ ሰሜን፣ እስከ ሰዓዳ። ሰዓዳን ያለፈ የሳዑዲ ድንበር ላይ ነው። የመጨረሻውን የድምፅ መልእክት የላከው ከዚያ ነው። አሥራ ሰባት ሰከንድ ነው። ከጀርባው የሰው ሳል ይሰማል፤ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ደህና ነኝ እማ፣ ነገ ሌሊት ትሻገራላችሁ ብለውናል፣ ዱዓ አድርጉልኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘው የሚያውቅ የለም። እናቱ ባቲ ላይ ስልኳን ሳትሞላ አታድርም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ወዳለው ሱቅ ወስዳ አስሞልታ ትመለሳለች።

ይህ ከጎልፍ ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ ሰው ይኖራል። የ2023 የጎልፍ ዓመት በሳዑዲ ገንዘብ ጠብ ተጀምሮ በሳዑዲ ገንዘብ ጠብ ያለቀ ዓመት ነው። በዚያ ጠብ ውስጥ ስለ ሕሊና ብዙ ተወራ፤ ሙታንም ተጠሩ። የማን ሙታን እንደተጠሩና የማን ሙታን እንዳልተጠሩ እያንዳንዱን ዜና እየተከታተልኩ ቆጥሬያለሁ። የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ጎልፍን የሀብታም ጨዋታ ነው ብሎ ለሚንቅ ወገኔ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ጎልፍን ያወቅሁት አዲስ አበባ፣ በኦልድ ኤርፖርቱ ጎልፍ ክለብ አጥር ሥር ነው። ኳስ ለቃሚዎች ነበርን። ቁጥቋጦ ውስጥ የገባች ኳስ አግኝተን ለባለቤቷ ስንመልስ ሳንቲም ትወረወርልናለች። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ኳስ በሣሩ ላይ ስትንከባለል ከኋላዋ ቀጭን ጥቁር መስመር ትተዋለች። ያንን መስመር ቁጭ ብሎ ያየ ልጅ አርጅቶም አይረሳውም። ዛሬ ፈረቃዬን ስጨርስ እዚሁ ስተርሊንግ፣ አልጎንኪያን ፓርክ ካለው የሕዝብ ሜዳ ላይ ከአንድ ጎንደሬና ከሁለት የአስመራ ልጆች ጋር እጫወታለሁ። ሜዳው ከትራምፕ ክለብ ጋር የአንድ ወንዝ ዳር ጎረቤት ነው፤ የውኃው ሽታ እንኳ አንድ ነው። እና ጨዋታውን እወደዋለሁ። የምቆጣውም ስለምወደው ነው።

የምወደው ለምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። በ1925 በአሜሪካ ኦፕን፣ ማሳቹሴትስ ዉስተር ላይ፣ ቦቢ ጆንስ ኳሱን ሊመታ ሲያዘጋጅ ኳሷ ነቅነቅ አለች። ዳኛ አላየም። ተመልካች አላየም። እሱ ግን አየ፤ በራሱ ላይ አንድ ምት ቅጣት ቆጠረ። ውድድሩ በእኩል ውጤት አለቀና በማግስቱ በመለያው ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ሲያመሰግኑት፣ ባንክ ስላልዘረፈ ሰው ይመሰገናል እንዴ እንዳላቸው ይነገራል። ይህ ሰው በተወዳደረበት ዘመን ሁሉ አማተር ነበር፤ ለሽልማት ገንዘብ አልተጫወተም። ዛሬ ማስተርስ የሚካሄድበትን ኦገስታ ናሽናልን ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው። የጎልፍ ሰዎች በዚህ ታሪክ ይኮራሉ፤ ለልጆቻቸው ያስተምሩታል። ደግም ያደርጋሉ። እኔም ከእነሱ የምጠይቀው ይህንኑ ታሪክ ራሳቸው እንዲያምኑበት ነው።

ዓመቱ እንዴት አምሮ እንደጀመረ አይቻለሁና አልክድም። ማስተርስ ያለቀው የእኛ ሆሣዕና ዕለት ነበር፣ ኤፕሪል 9። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ የዘንባባው ቀለበት ጣታችን ላይ እንዳለ፣ ስፔናዊው ጆን ራም ሲያሸንፍ አየን። 52 ዓመት የሆነው ፊል ሚክልሰን የመጨረሻውን ቀን በ65 ምት ጨርሶ ሁለተኛነቱን ከብሩክስ ኬፕካ ጋር ተጋራ፤ በማስተርስ ታሪክ በዚያ ዕድሜ ሁለተኛ የወጣ የለም። እኔ ግን ዓይኔን ያልነቀልኩት ከአንድ ልጅ ላይ ነበር። ሳም ቤኔት ይባላል፣ ያኔ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተማሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት 68፣ 68 መታ። ከዓለም ምርጦች ጋር ተናንቆ 16ኛ ደረጃን ተጋርቶ ጨረሰ። አንድ ዶላር አልወሰደም። አማተር ነበርና ሕጉ አልፈቀደለትም።

ይህን ልብ በሉልኝ። ጎልፍ ገንዘብን እምቢ ማለት ምን እንደሆነ በሕግ ጽፎ የያዘ ጨዋታ ነው። ይህን ከመጻፌ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2024፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ኒክ ደንላፕ የሚባል የ20 ዓመት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካሊፎርኒያ ላይ የአሜሪካው ዋና የጎልፍ ሊግ የፒጂኤ ቱርን ውድድር አሸነፈ። ከ1991 ወዲህ ይህን ያደረገ አማተር የለም። የአንደኛው ሽልማት ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ሁለተኛ ለወጣው ደቡብ አፍሪካዊ ተሰጠ። ልጁ ዋንጫውን ብቻ ይዞ እየሳቀ ሄደ። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ትቶ እንዲሄድ ሕግ ማውጣት የቻለ ስፖርት፣ ትልልቆቹ ሰዎቹ ከየት እንደመጣ የማይጠይቁትን ገንዘብ ሲቀበሉ ሕግ የለኝም ሊለኝ አይችልም።

ሜይ ላይ በኦክ ሂል የፒጂኤ ሻምፒዮና ብሩክስ ኬፕካ አሸነፈ፤ ከሊቭ ተጫዋቾች ሜጀር የሚባለውን ታላቅ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሆነ። የዚያ ሳምንት እውነተኛ ሰው ግን ማይክል ብሎክ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ክለብ ጎልፍ እያስተማረ የሚተዳደር የ46 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የመጨረሻው ቀን ከሮሪ ማክልሮይ ጋር ተመደበ፤ በ15ኛው ቀዳዳ ላይ የመታት ኳስ ሜዳውን እንኳ ሳትነካ በቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። መግባቷን ራሱ አላመነም፤ ደጋግሞ ጠየቀ። እኔ ቤት ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ። ከዚህ በላይ የሚያምር ነገር በዚያ ዓመት አላየሁም።

ከዚያ ግንቦት 29፣ በፈረንጆቹ ጁን 6፣ መጣ።

ወደ ኋላ አንድ ዓመት ልመልሳችሁ። በጁን 2022 የፒጂኤ ቱር ኃላፊ ጄይ ሞናሃን በቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር። ወደ ሊቭ የሄዱትን ተጫዋቾች የሴፕቴምበር 11 ሙታንን ቤተሰቦች እያነሣ ከሰሳቸው። የፒጂኤ ቱር አባል በመሆናችሁ ይቅርታ መጠየቅ አስፈልጓችሁ ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀ። በዚያ ቀን አመንኩት። ከተሳፋሪዎቼ ጋር ስከራከር እንኳ ለእሱ ወገኔ ብዬ ተሟገትኩ። ጥፋቴ ይህ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ ጁን 6 ቀን 2023፣ ያው ሞናሃን ከሳዑዲው ፈንድ ኃላፊ ከያሲር አል ሩማያን ጎን ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ ፒጂኤ ቱር፣ የአውሮፓው ዲፒ ወርልድ ቱርና የሳዑዲው ፈንድ አንድ ኩባንያ ሊያቆሙ መስማማታቸውን አበሰረ። በመካከላቸው የነበረው ክስ ሁሉ ይቋረጣል። ፈንዱ ገንዘብ ያፈሳል፤ አል ሩማያን ሊቀ መንበር ይሆናል፤ ሞናሃን ሥራ አስፈጻሚ ተባለ። ተጫዋቾቹ ዜናውን የሰሙት ከትዊተር ነው። ለቱሩ ሲሟገት የከረመው ማክልሮይ በማግስቱ የመሥዋዕት በግ የሆነ ያህል እንደተሰማው ተናገረ። ሞናሃንም ሰዎች ግብዝ እንደሚሉት እንደሚያውቅ ራሱ አመነ።

ማመን ብቻ ነው እንዴ? ቦቢ ጆንስ ያመነው በአፉ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ካርዱ ላይ ጻፈው፤ ከፈለበት።

ስምምነቱን ካደራጁት አንዱ ጂሚ ደን ነው፣ ያኔ የቱሩ ቦርድ አባል የነበረ። ይህ ሰው በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከመንታዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት ባልደረቦቹ 66ቱን አጥቷል። እሱ የተረፈው በዚያ ጠዋት ለአንድ የአማተር ውድድር ማጣሪያ ጎልፍ ሜዳ ላይ ስለነበረ ነው። በዚህ ሰው ሐዘን ላይ ቃል አልናገርም። ሐዘኑ የራሱ ነው፤ የሟቾቹን ቤተሰቦች ለዓመታት እንደደገፈም ይታወቃል። ስምምነቱ ሲወጣ፣ የተደራደርኳቸው ሰዎች በዚያ ወንጀል እጃቸው የለበትም አለ። ከሌሎቹ የሟች ቤተሰቦች ብዙዎቹ ተቆጡ፣ ተከዳን አሉ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። የእሱ ሙታን ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ተጠቀሱ፣ ተለቀሰላቸው፣ ተከራከሩባቸው፣ ማንም ሰው በእነሱ ላይ ተረማምዶ ሲያልፍ ቢያንስ እየረገጣቸው እንደሆነ ያውቅ ነበር። በሳዑዲ ወኪሎች የተገደለው ጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂም በየጋዜጣዊ መግለጫው ይነሣ ነበር፤ ያኔ የሊቭ አለቃ የነበረው ግሬግ ኖርማን በ2022 ስለ እሱ ሲጠየቅ ሁላችንም እንሳሳታለን የሚል መልስ ሰጥቶ ዓለም ጮኸበት። መጮኹ ተገቢ ነበር።

ጁላይ 11 ቀን የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ቱሩን ጠርቶ ሲመረምር ቁርሴን ትቼ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጥኩ። ሴናተሮቹ ደጋግመው ጠየቁ። የሰብዓዊ መብት ነገር ተነሣ። እኔ አንድ ቃል ጠበቅኩ፤ ኢትዮጵያ የሚል። አልሰማሁም።

ያኔ የድንበሩ ግድያ ምስጢር አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች በኦክቶበር 2022 ለሳዑዲ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 2022 ባሉት አራት ወራት ብቻ በደቡባዊው ድንበር እስከ 430 ስደተኞች ተገድለዋል፣ 650 ቆስለዋል የሚል ውንጀላ ደርሶናል ብለው። የአራት ወር ቁጥር ነው። 

ኦገስት ግን ማመካኛ የማያስቀር ወር ሆነ። ኦገስት 13 ሊሊያ ቩ እንግሊዝ አገር ዎልተን ሂዝ ላይ የሴቶቹን ኦፕን አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሜጀሯ ነበር፣ የዓለም አንደኛም ሆነች። የቩ አያት ከቬትናም የወጡት ራሳቸው በሠሩት ጀልባ ነው። ቤተሰባቸውን ጭነው ባሕር ላይ ሳሉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ አገኛቸውና አዳናቸው። በጀልባ የተሰደደ ሰው የልጅ ልጅ የዓለም አንደኛ ጎልፍ ተጫዋች ሆነች። ያንን ታሪክ ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ያቺ መርከብ ጀልባዋ ላይ ተኩሳ ቢሆን ኖሮስ?

ኦገስት 20፣ እሑድ፣ ያው ደንላፕ ኮሎራዶ ውስጥ ቼሪ ሂልስ ላይ የአሜሪካን የአማተር ሻምፒዮና ወሰደ። በማግስቱ ሰኞ፣ ነሐሴ 15፣ የፍልሰታ ጾም የመጨረሻው ቀን፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርቱን አወጣ። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ይላል። በከባድ መሣሪያ፣ በቅርብ ርቀት በጥይት። ከሞት ከተረፉት ውስጥ፣ ከየትኛው እጅ ወይም እግርህ ላይ እንምታህ ተብለው የተጠየቁና የተመቱ አሉ። ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ነው ስትል አስተባበለች። ሪፖርቱ ሲወጣ የድርጅቱ ተመራማሪ የተናገረችው ነገር አለ፤ ጎልፍንና የእግር ኳስ ክለቦችን በቢሊዮን እየገዙ ስም ማደስ ከዚህ ወንጀል ዓይን እንዲነሣ ሊያደርግ አይገባም አለች። ጎልፍ በስሙ ተጠራ። የእኛ ሙታንና የእነሱ ጨዋታ በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ።

በዚያ ማታ ቤታችን ጾም መፍቻው ይዘጋጅ ነበር። ዶሮው ተገነጣጥሎ፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። ጎረቤቴ መጣች። የእኛን ጾም ባትጾምም በዓላችንን ሁሌ ከእኛ ጋር ናት። ሪፖርቱን ስልኬ ላይ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሰዓዳ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ፊቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተናገረችም። ሽንኩርቱ አረረ።

ከጎልፍ መንደር ማን ተናገረ? የቱሩ መግለጫ ጠበቅኩ። የተጫዋቾቹን ጠበቅኩ። ከሴፕቴምበር 11 ጋር በተያያዘ ዓመቱን ሙሉ ሕሊና ሕሊና ሲል የከረመ ሰው ሁሉ በእኛ ጊዜ የት ሄደ? የድርድሩ ሰዎች ስለ ድርሻና ስለ ቦርድ ወንበር መነጋገራቸውን ቀጠሉ። የአገራችን መንግሥትም ከሳዑዲ ጋር በጋራ እናጣራለን አለ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን መልካም ግንኙነት አስታውሶ እስኪጣራ ድረስ እንድንታገሥ መከረን። ተከሳሹ አብሮ የሚያጣራው ምርመራ! ልጁ የሞተበት ሰው ለማን አቤት ይበል?

በወሎ፣ በሸዋም፣ በብዙው አገራችን ደም ሲፈስ ሥርዓት አለው። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፤ ከአንድ ምንጭ እስከ አለመቅዳት የሚደርስም አለ። ሽማግሌ ይገባል። ገዳዩ አደረግሁ ብሎ ያምናል። ካሣው ይቆረጣል። እርቁ ወርዶ፣ ደሙ ደርቆ ነው ሰው ወደ ሰርግና ወደ ድግስ የሚመለሰው። ሳያምን፣ ሳይክስ ድንኳን ጥሎ አገር የሚጠራ ሰው ደፋር ይባላል። ተጠርቶ ሄዶ የሚበላውስ? ለእሱም ስም አለን።

ኦክቶበር ላይ ድንኳኑ ተጣለ። ሊቭ በዚያ ዓመት የተጫዋቾቹን የግል ፍልሚያ የቋጨው ጅዳ ነበር፤ ከከተማዋ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር፣ በሮያል ግሪንስ ሜዳ ላይ። ኬፕካ አሸነፈ። የዓመቱን አጠቃላይ ድል የወሰደው ቴለር ጉች 18 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረለት። ጅዳ የእኛ ሴቶች ከተማ ናት። በስንቱ ቤት ፓስፖርታቸው ተይዞባቸው ወለል የሚወለውሉ እኅቶቻችን አሉ። በዚያው ሜዳ በፌብሩዋሪ የሴቶቹም ውድድር ተካሂዶ ነበር፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት፣ ከወንዶቹ እኩል ተብሎ ተጨበጨበለት፣ ሊዲያ ኮ አሸነፈች። እኩልነቱን እኔም እደግፋለሁ። ግን ከአጥሩ ውጭ ያለችው ሴትም ሴት ናት።

ዲሴምበር 7 ደግሞ ራም ሄደ። የሆሣዕናው ጆን ራም። በ2022፣ 400 ሚሊዮን ዶላር ባገኝ ኑሮዬ ይለወጣል ወይ ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልሱ አይለወጥም ነው ያለው ሰው። የሊቭን ጃኬት ለብሶ ቴሌቪዥን ላይ ሳየው ዘጋሁት። ሌላው ሲሄድ ተናድጄ ነበር፤ እሱ ሲሄድ ግን አዘንኩ። ዲሴምበር 31 የስምምነቱ ቀነ ገደብ አለፈ፤ ድርድሩ ግን አልቆመም። ዋጋው ገና እየተቆረጠ ነበር።

መልሳቸውን አውቀዋለሁ። አሜሪካ ራሷ ለሳዑዲ መሣሪያ ትሸጣለች፤ አንተም መኪናህ ውስጥ ነዳጅ ትሞላለህ፤ ከጅዳ በሚላክ ገንዘብ ስንት የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይኖራል፤ ጎልፍ ተጫዋች ለይተህ ምን በደለህ ይላሉ። ልክ ነው፣ ነዳጅ እሞላለሁ። የእኅቶቻችን ገንዘብም ወሎን ይመግባል። ግን ነዳጅ የሚቀዳልኝ ማደያ የሕሊና ስፖርት ነኝ ብሎ አያውቅም። ልጆቻችሁን እውነተኛነት ላስተምርላችሁ ብሎ አልተነሣም። ከጅዳ ገንዘብ የምትልከው ልጅ ደግሞ ላቧን ነው የሸጠችው፤ ስሟን ለማንም አላከራየችም። ተጫዋቹ የሚሸጠው ግን ስሙን ነው። በሺህ የሚቆጠር ተመልካች በእሱ ፊት በኩል ያንን አገር አይቶ ምን ያምራል እንዲል ነው የተከፈለው። ሥራው ይኸው ነው፤ ኳሱ ሰበብ ነው። በዚያ የስተርሊንግ ውድድር አንደኛ የወጣው ሃሮልድ ቫርነር ከድሃ ቤት የተነሣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ለልጆቼ ብዬ ነው የሄድኩት አለ እንጂ አላስመሰለም። ቢያንስ እሱ አልዋሸም። የባቲው ልጅም የወጣው ለቤተሰቡ ብሎ ነው።

እኛስ? ስለ እኛም እናገራለሁ። ከዚያ የክለብ በር በግማሽ ሰዓት ርቀት ውስጥ ስንት ሺህ ሐበሻ አለ። ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሬዲዮ አለን፣ ለዘፈን ድግስ አዳራሽ እንሞላለን። የሴፕቴምበር 11 ቤተሰቦች በ2022 ሌላው የትራምፕ ክለብ፣ ቤድሚንስተር ድረስ ሄደው የሙታናቸውን ነገር ተናግረዋል። እኛ ስተርሊንግ በር ላይ አንድ ወረቀት ይዘን አልቆምንም። ተሳፋሪውን አወረድን፣ ጉርሻውን ተቀበልን፣ ተመለስን። እኔ አንዱ ነኝ። ከብሔር ብሔር እየተባባልን ስንባላ የትኛው ወገን ስንት እንደሞተበት እንቆጥራለን፤ እዚያ ድንበር ላይ ግን ኦሮሞውም ትግሬውም አማራውም በአንድ ሸለቆ ነው የወደቁት፣ ከእኛ ማንም አልቆጠራቸውም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የሊቭ ተጫዋቾች እንደገና ሳዑዲ ይገባሉ። ጋዜጠኞች ይኖራሉ፣ ማይክ ይኖራል። አንድ ጋዜጠኛ እጁን ያውጣና ስለ ሰዓዳ ድንበር ይጠይቅ። ራምን ይጠይቀው።  ፍሎሪዳ ውስጥ በሞናሃን መግለጫ ላይም አንዱ ይነሣና ያንኑ ይጠይቅ፤ ከዚህ ፈንድ ጋር ስትፈርሙ ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ ጠይቃችኋል ወይ ይበል። ጠይቀው ከሆነ ይንገሩን። ካልጠየቁም ይንገሩን፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ባለፈው ሳምንት ከደለስ የጎልፍ ቦርሳ የያዘ ሰው ጫንኩ። ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ፣ ሞቅ ያለ አገር ተጫውቶ መመለሱ ነው። ጎልፍ ትከታተላለህ አለኝ። አዎ አልኩት። ዘንድሮ ማን ይነግሣል ትላለህ አለኝ።

የልጁን መልእክት ጎረቤቴን አስፈቅጄ ወደ ስልኬ አዛውሬዋለሁ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አጫወትኩለት። አሥራ ሰባቱን ሰከንድ ዝም ብሎ ሰማ።

«ምን እያለ ነው?» አለኝ።

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሳሉንም ሳይቀር ነገርኩት። ልጁ የት ሆኖ እንደተናገረ፣ ከዚያ ማዶ የማን ድንበር እንዳለ፣ የድንበሩ ባለቤት በዚያው ዓመት ምን ሲገዛ እንደከረመ ነገርኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ነዳሁ።

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ደወለ?» አለኝ።

አልደወለም አልኩት።